አማቴ ያልሰሙት ፉጨት

አማቴን የማያውቅ ሰው እንዲያውቃቸው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የቤት ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እጄ ከብሩሽ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር ብዙም አልተላመደ። ግን ስለ እሳቸው ሌላ ሰው እያጣመመ ከሚያወራ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን እኔ ብናገር ይሻላል።

ሰፈሩ «ጆሮው» ይላቸዋል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ሲያጫውቱ ኖረዋል፤ እላይ፣ ከተመልካቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከሚግለው ማሽን ጎን ቆመው። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ወንበሮቹ ተሸጡ፣ ሸራው ተጠቅልሎ የት እንደገባ አልታወቀም፤ እሳቸው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑን ሲኒማ ማስመሰል የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት እሳቸውን ይጠራል። ቁጭ ብለው ያዳምጡና «ይሄ ስፒከር አፍንጫው ተደፍኗል» ይላሉ። «ያኛው ደግሞ በልቶ ሳይጨርስ ነው የሚያወራው» ይላሉ። ሰው ይስቅና ያሉትን ይገዛል።

እኔ ለዋጫቸው ነኝ። ለዋጭ ማለት ሁለት ዕቃ ሲወዳደር ገመዱን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። ከዕቃው ጀርባ ያለችው ደቃቃ ጽሑፍ እንደምታስቸግረኝ ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን በየገመዱ ጫፍ ባለቀለም ፕላስተር ጠቅልለው መጡ። ቀይ ለግራ፣ ቢጫ ለቀኝ፣ አረንጓዴ ለመሃል። «በቀለም የሚበልጥህ የለም» አሉኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ ለሰውም አላወሩብኝም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ክፍሉ ይጨልማል። ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ስጨርስ አንድ ጊዜ መሬቱን በጣቴ እመታለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ «ቀይር» ይላሉ። የቱ ዕቃ እየሠራ እንደሆነ አያውቁም። ለዋጭ ደግሞ አይናገርም። አያስልም፣ አይተነፍስም ማለት ይቻላል፣ ፊቱንም አያሳይም። «አንተ ኡፍ ካልክ እኔ የምሰማው አንተን ነው» ይላሉ። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በሰው ቤት አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ዝም በል መባል ዕረፍት ነው።

ባለፈው ዓመት የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ልቀባ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሆኜ ጲጵ፣ ጲጵ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የፍሪጁ ስታቢላይዘር ነው፤ መብራቱ ሲወርድ ይጮሃል። ጋሼ ክንዳቸውን ስታቢላይዘሩ ላይ አስደግፈው ጋዜጣ ያነባሉ። «ዛሬ እንዴት ጸጥ ያለ ቀን ነው» አሉኝ። ክው አልኩ። ሄጄ ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ምንም ሳልል ቀለሜን መበጥበጥ ጀመርኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እራቷን ትታ አፈጠጠችብኝ።

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«እንዳትናገር። ለእሱም ቢሆን። አባዬ ጆሮው ሄደ ከተባለ ምን ይቀረዋል? በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። ሲኒማ ቤቱ የተዘጋ ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ከቤት እንዳልወጣ ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋሼ ጋር በወጣሁ ቁጥር የሚጮህ ዕቃ ካለ ከእሳቸው ቀድሜ እፈልግ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ሰባት ወር ያህል ምንም አልተፈጠረም።

ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ ጠሩን።

ሐኪሙ ትሑት ሰው ናቸው። ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌላት ክፍል አዘጋጅተው፣ ግድግዳውን ጨርቅ አልብሰው፣ ሰባት ስፒከር ተክለዋል። ስፒከሩ ጥሩ ነው፣ አምፕሊፋየሩም ጥሩ ነው። ችግሩ ፊልም ላይ ሰው ሲያወራ አይሰማም። ባለቤታቸው ሪሞቱን ይዛ «ሲያወሩ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲታኮሱ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ፊልሙን ያየሁት በአውራ ጣቴ ነው» አለችን። የጎደላቸው ደህና ፕሪአምፕ ነው። ፕሪአምፕ፣ ጋሼ ሲያስረዱ እንደሰማሁት፣ ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ ንግግሩን ወደ መሃል፣ ዝናቡን ወደ ጎን፣ ኮቴውን ወደ ኋላ አከፋፍሎ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ዕቃ ነው። «አምፕሊፋየሩ ጉልበተኛ ነው» ይላሉ። «የሚያስበው ፕሪአምፑ ነው። እሱ ከተሳሳተ ጉልበተኛው ስህተቱን ይዞ ይጮሃል።»

ዕቃውን ያመጣው ሺ ዋት ነበር። ሺ ዋት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ምንም ብትጠይቁት «ሺ ዋት ነው» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። የእጅ ባትሪ ቢሸጥላችሁም ሺ ዋት ነው። ከጋሼ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። አንድ ጊዜ ጋሼ ደንበኛ ባለበት አንዱን ስፒከሩን ፈትተው፣ ከባድ እንዲመስል ታስቦ ውስጡ የተጣበቀ የድንጋይ ቁራጭ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ሲጨብጥ እንኳ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው።

ሁለት ፕሪአምፕ ነበር ያመጣው። አንደኛው ብርማ፣ ትልቅ፣ ፊቱ መስታወት፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ለዓይን ምንም የሌለው። ሺ ዋት ብርማውን መሸጥ እንደፈለገ በእጁ ያስታውቃል፤ ሲያወራ ሁሉ ይደባብሰዋል።

«ዶክተር፣ ይሄኛው አውሬ ነው» አለ።

«ማንን ሊነክስልህ ነው?» አሉት ጋሼ፣ ወንበራቸውን እያዞሩ። የሐኪሙ ባለቤት ሳቀች። ሺ ዋት አልሳቀም።

ጋሼ በመጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ በመለኪያ እኩል አስደረጉኝ፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል። ቀጥለው «መብራት» አሉ። ሐኪሙ መብራቱን በሙሉ ሊያጠፉ ሲሉ ባለቤታቸው «እኔ ጨለማ አልወድም፣ ያምመኛል» አለች፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለውን ማደብዘዣ አዞሩትና ክፍሉ ደብዘዝ አለ። ጣሪያው ዙሪያ የተዘረጋው መብራት እንደ ፍም ቀላ።

ጋሼ ከፊልሙ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዝናብ ውስጥ ቆመው የሚነጋገሩበትን ቦታ መረጡ። መጀመሪያ ብርማውን ሰካሁ። መሬቱን መታሁ። ዝናቡ ክፍሉን ሞላው፤ በእውነት የበሰበስን መሰለን። ሴትዮዋ በመጨረሻ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ቀይር።»

ነቀልኩ። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ሌሎቹንም ጥቁሩ ላይ ሰካሁ። መሬቱን መታሁ።

ፊልሙ ሳይጀምር ሰማሁት። ፉጨት ነው። ቀጭን፣ የማይቆም፣ ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ እንደቀረች ያለ። ዝናቡ ሲጀምር ተሸፈነ። ሰዎቹ ዝም ባሉበት ቦታ ሁሉ ግን መልሶ ብቅ ይላል። የሐኪሙ ባለቤት ጣቷን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሐኪሙ አዩአት። ሺ ዋት መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጋሼ ሄደ፣ እዚያው ቀረ።

ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ አሉ።

«ይሄ ነው» አሉ። «ዝምታውን ሰማችሁት? ሰዎቹ ዝም ሲሉ ክፍሉ አብሮ ዝም ይላል። ንጹሕ።»

እኔ ዕቃው ኋላ እንደተንበረከኩ ሺ ዋትን አየሁት።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ሺ ዋት፣ ማር በመሰለ ድምፅ። «ዝምታው ነው ያሉት? እስኪ ዶክተር በደንብ ይስሙት፤ ይድገሙት።»

«ንጹሕ ነው አልኩ።»

«ምንም አይሰማም?»

«ምን ይሰማል?»

ሺ ዋት ከንፈሩን ነከሰ። ነገ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለመንገደኛው ሁሉ ሲተርከው ታየኝ። ጋሼ የቤታቸውን በር ዘግተው ታዩኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተናገረ አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ ነኝ… ገመዱን አሳስቼ ሰክቼው ነው።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ዞረው አዩኝ። ቀስ ብለው ተነሱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አጠገቤ በርከክ ብለው እያንዳንዱን ፕላስተር በጣታቸው እየነኩ ተመለከቱ። ቀይ በቦታው። ቢጫ በቦታው። አረንጓዴ በቦታው። እስከ መጨረሻው ቆጠሯቸው።

«ልክ ነው የሰካኸው» አሉ።

የሐኪሙን ፊት አዩ፣ የባለቤታቸውን ጣት ጆሮዋ ላይ አዩ፣ የሺ ዋትን ከንፈር አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ምንድን ነው የምትሰማው?»

እኔም ፕላስተሮቹን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ። ምን ትሰማለህ?»

«ፉጨት» አልኩ፣ መሬቱን እያየሁ። «ቀጭን ነው ጋሼ… እንደ ትንኝ ዓይነት።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ!» አለች የሐኪሙ ባለቤት። «እርስዎ ምንም ስላላሉ የእኔ ጆሮ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋሼ አሁንም የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ጥቁሩ ዕቃ እዚያው ያፏጫል።

«እኔ አልሰማሁትም» አሉ። «አሁንም አልሰማውም።»

«እህ!» አለ ሺ ዋት፣ ጭኑን መትቶ። «ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ምን ብለን እንጥራዎት? ጆሮው ቀርቶ መነጽሩ እንበልዎት?»

«ኧረ ተው» አሉት ሐኪሙ። ግን እሳቸውም ጋሼን ቀጥ ብለው ማየት አቃታቸው። «እንግዲህ… የሚያፏጭ ዕቃ መውሰድ አልችልም። ብርማው ይሁን፤ ምን ይደረጋል።»

«በአንድ አፍ!» አለ ሺ ዋት። ወዲያው የጥቁሩን ካርቶን ወደ ራሱ ጎተተ።

ጋሼ አልተከራከሩም። መለኪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔም ገመዱን ለመንቀል እጄን ዘረጋሁ።

በዚህ መሃል የሐኪሙ ባለቤት «ካለቀማ በጨለማ ምን እንሠራለን?» ብላ ተነሳችና ማደብዘዣውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ክፍሉ ቦግ አለ።

ፉጨቱ ቆመ።

ገመዱን ገና አልነካሁም። ጥቁሩ ዕቃ እንደበራ ነው፤ ስፒከሮቹም እንደበሩ ናቸው።

«ቆዩ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሺ ዋት ካርቶኑን ይከፍታል፣ ጋሼ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ጋ ደርሰዋል። ቢወጡ አይመለሱም። አውቃቸዋለሁ፤ ከዚህ ቤት ብቻ ሳይሆን ከሥራውም ጭምር ነበር የሚወጡት።

«ቆዩ አልኩ እኮ!»

ጮህኩ። ራሴን ጭምር አስደነገጥኩ። የሐኪሙ ባለቤት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሺ ዋት ካርቶኑን እንደያዘ ቀና አለ።

«ቀለም ቀቢው ምን ሆነ? የነዘረው ነገር አለ?»

ወደ ግድግዳው ሄጄ «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ማደብዘዣውን ዝቅ አደረግኩ። ፉጨቱ መጣ። ከፍ አደረግኩ። ጠፋ። ዝቅ። መጣ።

«መብራቱ ነው!» አሉ ሐኪሙ።

ጋሼ ከበሩ ተመለሱ። ቦርሳቸውን አስቀመጡ። እኔን ሳይሆን የሐኪሙን ባለቤት ፊት ለፊት ቆመው ማየት ጀመሩ።

«አዙር» አሉኝ። «እኔ አልሰማውም፤ ፊታቸው ላይ ግን አየዋለሁ።»

ዝቅ ሳደርግ ፊቷ ይቋጠራል። ከፍ ሳደርግ ይፈታል። አራት ጊዜ አስደጋገሙኝ። ሺ ዋት እንኳ ሳያውቀው ፊቱ አብሮ ይቋጠርና ይፈታ ነበር።

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «ማደብዘዣው ኤሌክትሪኩን ይረብሸዋል፤ ጥቁሩ ደግሞ የመጣበትን ሁሉ የሚሰማ ዕቃ ነው። ሌላ ቤት መብራት አጥፍተን ነው የምንሠራው። እዚህ አደበዘዝነው። ጨለማ ካልሆነ ጆሮ አይሠራም የምል እኔ ነኝ፤ ራሴ ያመጣሁትን ጣጣ ዕቃው ላይ ልንጭነው ነበር። ዶክተር፣ ማደብዘዣው በቀላሉ ይቀየራል። አሁን መብራቱ እንደበራ ይሁን፣ እንደገና እንስማ።»

ዝናቡ እንደገና ዘነበ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሴትዮዋ በመጨረሻ ስታንሾካሹክ ቃል በቃል ደገሙት፦ «ቁልፉን ከበሩ ሥር ትቼልሃለሁ።»

«እንደዚያ ነው እንዴ የምትለው?» አለች የሐኪሙ ባለቤት። «ሦስት ጊዜ አይቼው ዛሬ ገና ሰማሁት!»

«ብርማው ላይ ዝናቡ በላባት» አሉ ጋሼ። «ዶክተር፣ ቀጭን ድምፅ ከእኔ ሄዷል፤ እሱን ልደብቅዎ አልችልም። የሰው ቃል ግን ገና አልሄደብኝም። እኔ ብሆን ጥቁሩን እወስዳለሁ። ከፈለጉ ሌላ ሰው ይጠይቁ።»

ሐኪሙ ባለቤታቸውን አዩአት። «ጥቁሩ» አለች፤ እሳቸውም «ጥቁሩ» አሉ።

ከሐኪሙ ቤት ወጣን። አስፋልቱን ከተሻገርን በኋላ ነው ጋሼ የቆሙት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከስታቢላይዘሩ።»

«የቱ ስታቢላይዘር?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። «ክንዴን እላዩ ላይ አስደግፌ!» አሉ፣ ሊስቁም ሊቆጡም እንደሆነ አልለየልኝም። ከዚያ «ልጄም ታውቃለች?» አሉ።

ዝም አልኩ።

«አይ አንተ፣ ዝም ስትል ነው ሁሉን የምትዘከዝከው። ስማኝ፤ ለእኔ ክብር ብለህ ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ። ገመድ አሳስተህ አታውቅም። ያልሠራኸውን ጥፋት ስትሸከም ዝም ብዬ አላይህም።»

ሺ ዋት የፈራሁትን አደረገ። ፉጨቱን አወራ፣ መብራቱን አላወራም። ጋሼ ደነቆሩ ተባለ። ሦስት ሳምንት ማንም አልጠራን። ባለቤቴ በየቀኑ ምክንያት እየፈለገች ወደ አባቷ ትልከኛለች፤ በሩ ክፍት መሆኑን አይቼ እንድነግራት ነው። ክፍት ነበር፤ ግን ጋሼ ከወንበራቸው አይነሱም። በአራተኛው ሳምንት የሳሎናቸውን ጣሪያ ልቀባ መሰላል ላይ ወጥቼ እያለሁ ስልካቸው ጠራ። ድምፁን ወደ ውጭ አድርገው ነው የሚያወሩት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ለቤታቸው ሲኒማ ፕሪአምፕ ሊቀይሩ ፈልገው፣ ቁጥሩን ሐኪሙ ሰጥተዋቸው ኖሯል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቀየሙኝ» አሉ አስተማሪዋ። «ጆሮዎ ታሟል ሲሉ ሰማሁ።»

ብሩሼ እጄ ላይ ቆመ። ቀለሙ ክንዴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«እውነት ነው» አሉ ጋሼ። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ቀጭኑን የሚሰማ ሰው ይዤ ነው የምመጣው። ንግግሩን እኔ አዳምጣለሁ፣ ፉጨቱን እሱ ያዳምጣል፤ ሁለታችን ያልተስማማንበትን ዕቃ አይገዙም።»

ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ወረድኩ።

«ሰውየው ማን ነው?» አሉ አስተማሪዋ።

«የልጄ ባል። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን ይጮሃል፤ አይደንግጡ።»

አስተማሪዋ ሳቁ። «እሑድ ስምንት ሰዓት ይመቻችኋል?»

«ይመቸናል» ብለው ስልኩን ዘጉ ጋሼ። ከዚያ ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ቀለም ያልነካው ሸሚዝ አለህ?»

«የለኝም ጋሼ።»

«በል ውረድ፤ ከእኔ የሚሆንህን እንፈልግ።»